ሳያውቁ መሪ መጨበጥ

ሰው በዚህ ዓለም ሲኖር ሕይወቱን በገዛ እጁ ብቻ ይዞ የሚኖርበት ጊዜ ከሚመስለው ይልቅ እጅግ ጥቂት ነው። በታመመ ጊዜ ለሐኪም፣ መንገድ በወጣ ጊዜ ለመኪና ነጂ፣ በተኛ ጊዜ ጣራውን ለሠራለት አናጢ ነፍሱን አስረክቦ ይኖራል። ይህን ሁሉ የሚያደርገው መርምሮና አመዛዝኖ አይደለም፤ ሥራውን የያዘው ሰው ሥራውን ያውቃል ብሎ ስለሚያምን ነው። ይህ እምነት ባይኖር ኖሮ ከተማም፣ ገበያም፣ ትምህርት ቤትም ባልቆመ ነበር። ስለዚህ የሰው ልጅ ማኅበር ከድንጋይና ከእንጨት አስቀድሞ በአደራ ተሠርቷል ብንል ከእውነት የራቅን አይመስለንም።

ከእነዚህ አደራዎች መካከል ግን በጀልባ ላይ የሚሰጠውን የሚያህል ፍጹም አደራ ማግኘት ያስቸግራል። የመኪና ተሳፋሪ ያልወደደውን ነጂ አስቁሞ መውረድ ይችላል፤ በሽተኛም ሌላ ሐኪም ሊጠይቅ ይችላል። ከዳር ተነሥቶ መካከል የደረሰ የጀልባ ተሳፋሪ ግን ወዴት ይወርዳል? ምድር ከእግሩ ሥር ከተለየች በኋላ የቀረችለት ምድር ያቺው ጀልባ ናት፤ የጀልባዋም ዕድል መሪውን በጨበጠው ሰው እጅ ነው። እንግዲህ በዚህ ጽሑፍ ልንመረምረው ያሰብነው ጥያቄ ይህ ነው፤ የውኃን ጠባይና የጀልባን ሥራ ሳይማር መሪ የሚጨብጥ ሰው፣ አንድም ጉዳት ባያደርስ እንኳ፣ በደለኛ ነውን? ጉዳት በደረሰስ ጊዜ «አላውቅም ነበር» የሚለው ቃል በሕሊና ፊት መልስ ሊሆን ይችላልን?

ጥያቄው የሊቃውንት ጨዋታ ብቻ ሆኖ እንዳይቀር ዓይናችንን ወደ ሐዋሳ ሐይቅ እንመልስ። ሐዋሳ ከስምጥ ሸለቆ ሐይቆቻችን አንዱ ነው። ስፋቱ 90 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ሲሆን፣ በጣም ጥልቅ በሆነው ስፍራ ጥልቀቱ ከ20 ሜትር ያልፋል። የጥቁር ውኃ ወንዝ ይገባበታል እንጂ ከእርሱ የሚወጣ ወንዝ በምድር ላይ አይታይም። ከ2012 ዓ.ም. ወዲህ የሲዳማ ክልል ርዕሰ ከተማ የሆነችው ሐዋሳ በምሥራቅ ዳርቻው ተቀምጣለች። በአሞራ ገደል በኩል ዓሣ አጥማጆች ቆሮሶውንና አምባዛውን ይዘው ይወጣሉ፤ በፍቅር ሐይቅ በኩል ደግሞ ሙሽሮችና ሚዜዎች፣ ተማሪዎች፣ ከሩቅ አገር የመጡ እንግዶች ለመንሸራሸር ወይም ጉማሬ ለማየት በጀልባ ይሳፈራሉ። በበዓል ቀን ይህ ዳርቻ የሚይዘውን ሰው ብዛት ያየ ሁሉ፣ የጀልባ ሥራ ለከተማይቱ ጌጥም እንጀራም መሆኑን ሳይገነዘብ አይቀርም።

ይሁን እንጂ ይህ ውብ ሐይቅ ሁለት ጠባይ አለው። ጧት እንደ መስተዋት ጸጥ ብሎ የታቦርን ተራራ የሚያሳየው ውኃ፣ ከቀትር በኋላ ብዙ ጊዜ ሌላ ይሆናል። ፀሐይ ምድሩን ከውኃው ይልቅ ፈጥና ታሞቀዋለች፤ የሞቀው አየር ወደ ላይ ሲወጣ ሌላው አየር ቦታውን ለመያዝ ይገሠግሣል፤ ነፋስ ማለትም ይኸው ነው። እንዲህ ባለ ሐይቅ ላይ የሚነሣው ሞገድ እንደ ውቅያኖስ ሞገድ ረጅምና ሰፊ ሳይሆን አጭርና ተከታታይ ስለሚሆን፣ ትንሽ ጀልባ ከአንዱ ሳትመለስ ሌላው ይደርስባታል። ከዚህም ሌላ በዳር ያሉት ዛፎችና ቤቶች ነፋሱን ስለሚከልሉት በዳር የቆመ ሰው የመካከሉን ውኃ በዳሩ ውኃ ይገምታል። አባቶቻችን «እያሳሳቀ የሚወስድ ውኃ» ያሉት ይህን ዓይነቱን መሆን አለበት። «ሐይቅ እንጂ ባሕር አይደለም» ብሎ መናቅም ከንቱ ነው፤ ዋና ለማያውቅ ሰው ከቁመቱ አንድ ክንድ ያለፈ ውኃ ሁሉ ባሕር ነውና።

ጀልባ መንዳት ሞተር ማስነሣትና መሪ ማዞር ብቻ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። ነገር ግን የዚህ ሥራ ትምህርት የሚጀምረው ጀልባው ገና ከዳር ሳይለቅ ነው። ነጂው አስቀድሞ የጀልባውን ሆድ ይመረምራል፤ ውኃ የሚያስገባ ስንጥቅ እንደሌለ ያያል፤ የገባ ውኃ የሚጠለቅበትን ዕቃ፣ መልሕቁን፣ ገመዱን፣ ሞተሩ ቢጠፋ የሚቀዝፍበትን መቅዘፊያ ይቈጥራል። ነዳጁን ከሦስት ይከፍላል፤ አንዱ እጅ ለመሄጃ፣ አንዱ እጅ ለመመለሻ፣ ሦስተኛው እጅ ላልታሰበ ነገር ነው። ሰማዩን አይቶ ዳመናው ከየት እንደሚነሣ ያስተውላል። ስንት ሰው ይዞ ወዴት እንደሚሄድና በስንት ሰዓት እንደሚመለስ በዳር ለሚቀር ሰው ይናገራል፤ ሳይናገር የሄደ ሰው ቢዘገይ የሚፈልገው አይኖርምና። ላይፍ ጃኬት የሚባለውን የመንሳፈፊያ ሰደርያ ደግሞ በወንበር ሥር ቈልሎ ሳይሆን በእያንዳንዱ ተሳፋሪ ደረት ላይ አስሮ ይነሣል፤ ጀልባ በተገለበጠ ሰዓት ከወንበር ሥር ሰደርያ መርጦ የሚለብስ ሰው የለምና።

የአጫጫንም ጥበብ አለ። ሰውና ዕቃ ዝቅ ብሎ መካከል ላይ ሲቀመጥ ጀልባው ይረጋል፤ ሰው ከመቀመጫው ሲነሣ ክብደቱ ወደ ላይ ይወጣና ጀልባው በትንሹ ሞገድ ያዘነብላል። የሚጫነው ሰው ቁጥርም በወንበሩ ብዛት ብቻ ሳይሆን የጀልባው ጠርዝ ከውኃው በላይ በሚቀረው ከፍታ ይለካል። ስለዚህ ነገር ሳሙኤል ፕሊምሶል የሚባል የእንግሊዝ ምክር ቤት አባል ብዙ ዓመት ከደከመ በኋላ፣ የንግድ መርከብ ሁሉ የጭነቱ ወሰን በጎኑ ላይ በመሥመር እንዲቀባ የሚያዝዝ ሕግ እ.ኤ.አ. በ1876 ወጣ። ያ መሥመር ፊደል ላልቈጠረ ሰው እንኳ የሚነበብ ሕግ ነው፤ መሥመሩ ውኃ ውስጥ ከገባ መርከቡ ከልኩ በላይ ጭኗል። እንዲህ ያለው መሥመር በእኛም ሐይቆች ጀልባ ጎን ላይ ቢቀባ የሚጠይቀው ወጪ አንድ ጣሳ ቀለም ነው።

ጀልባው ከተነሣ በኋላም ነጂው ዓይኑን ከውኃው አይነቅልም። የዓሣ አጥማጆች መረብ የተዘረጋበትን ስፍራ ማወቅ አለበት፤ መረብ በሞተሩ ፕሮፔለር ላይ ከተጠመጠመ ሞተሩ ይቆማል፣ ጀልባው ጎኑን ለሞገድ ይሰጣል፣ የአንድ ደሀ አጥማጅም ሀብት ይቀደዳል። ነፋስ በተነሣ ጊዜ ሞገዱን በጎን ሳይሆን ጥቂት አግድም አድርጎ በአፍንጫው መቀበልን፣ ፍጥነትንም መቀነስን መልመድ ይገባዋል። ለጉማሬ ሰፊ ቦታ መተውን፣ ተሳፋሪው «ጥቂት ጠጋ በል» ቢለው እንኳ አለመጠጋትን ማወቅ አለበት። እ.ኤ.አ. በ1972 በተፈረመው የዓለም የባሕር መንገድ ደንብ መሠረት፣ ሁለት የሞተር ጀልባዎች ፊት ለፊት ሲገናኙ ሁለቱም ወደየቀኛቸው ያዘነብላሉ፤ መንገዳቸው ሲሻገር ደግሞ ሌላውን በቀኙ በኩል የሚያየው መንገድ ይለቃል። ረዳቱም ቢሆን ገንዘብ ሰብሳቢ ብቻ ሊሆን አይገባውም። ሲስቡት የማይሸመቅቅ፣ ሲፈልጉት ግን በቀላሉ የሚፈታ ቋጠሮ መቋጠርን፣ ገመድ መወርወርን፣ ሞተር ማጥፋትን፣ ነጂው ታምሞ ቢወድቅ ጀልባውን ወደ ዳር መመለስን ሊያውቅ ይገባዋል።

እስካሁን የተናገርነው ጥንቃቄን የሚመለከት ስለ ሆነ፣ አስተዋይ ሰው ሳይማር በልቡ ብቻ ሊደርስበት ይችል ይሆናል። የጥያቄያችን ሥር የሚገኘው ግን አደጋ በደረሰባት ደቂቃ ውስጥ ነው። ጀልባው በመሄድ ላይ ሳለ አንድ ሰው በቀኝ በኩል ወደ ውኃ ወደቀ እንበል። ደግ ልብ ያለው፣ ግን ያልተማረ ነጂ ምን ያደርጋል? የወደቀውን ሰው እንዳይገጨው ብሎ መሪውን ወደ ግራ ያዞራል። ጀልባ ግን እንደ መኪና በፊቱ አይታጠፍም፤ አፍንጫው ወደ ግራ ሲሄድ ጅራቱ ወደ ቀኝ ይወረወራል፤ በጅራቱም ላይ የሚሽከረከረው ፕሮፔለር አለ። እንግዲህ ያ ነጂ ሊያድነው በወደደው ሰው ላይ ቢላዋ ሰደደበት። የተማረው ነጂ ግን ልቡ የሚነግረውን ትቶ አፍንጫውን ሰው ወደ ወደቀበት ወደ ቀኝ ያዞራል፤ ጅራቱም ከሰውየው ይርቃል። ረዳቱ የሚንሳፈፍ ነገር ይወረውራል፤ አንድ ሰውም ጣቱን ወደ ወደቀው ሰው ቀስሮ ዓይኑን ሳይነቅል ይቆያል፤ በሞገድ መካከል የሰው ራስ ከአንዲት ቅል አይበልጥምና አንድ ጊዜ ከዓይን ከጠፋ ለማግኘት ያስቸግራል። ከዚያም ጀልባው ነፋሱን ፊት ለፊት ይዞ በቀስታ ይቀርባል፤ ሰውየው በእጅ ሲደረስበት ሞተሩ ይጠፋል።

ተሳፋሪዎቹም እንዲሁ ናቸው። የወደቀው ወንድማቸው ነውና ሁሉም ሊያወጡት ወደ አንድ ጎን ይሮጣሉ። ይህ ሩጫ ከርኅራኄ የመጣ ነው፤ ጀልባውን የሚገለብጠውም ይኸው ርኅራኄ ነው። ጀልባው ከተገለበጠ በኋላ ደግሞ ብርቱ ነኝ የሚለው ሁሉ ዳሩ የቀረበ መስሎት መዋኘት ይጀምራል፤ ትምህርቱ ግን የተገለበጠውን ጀልባ ይዞ መቆየትን ያዝዛል፤ ርቀት በውኃ ላይ ያታልላል፣ ጉልበትም ያልቃል፣ ከሩቅ የሚፈልግ ሰውም ከአንድ ዋናተኛ ይልቅ ጀልባውን ቀድሞ ያያልና። ነጂው ራሱ ቢወድቅስ? በእጁ አንጓ ላይ ታስሮ እርሱ ሲወድቅ ሞተሩን የሚያጠፋ አጭር ገመድ አለ፤ ያን ገመድ ሳያስር የሚነዳ ሰው ተሳፋሪዎቹን ነጂ በሌለው ሞተር ላይ ጥሏቸው ሊቀር ይችላል።

እነዚህን ምሳሌዎች ያበዛነው የጀልባ ትምህርት ለመስጠት ብቻ አይደለም። ቅን ልብ ዕውቀት ከጎደለው የጨካኝን ሥራ ሊሠራ እንደሚችል ለማሳየት ነው። ከትምህርት ቤት ጀምሮ «ልብህ ንጹሕ ይሁን እንጂ ሌላው ይቅር» ስንባል አድገን ይሆናል። ልብ ንጹሕ መሆኑ ታላቅ ነገር ነው፤ ነገር ግን ፕሮፔለር የሰውን ልብ አይመረምርም። ስለዚህ የሌላውን ሰው ሕይወት በሚነካ ሥራ ላይ መማር ከግብረ ገብ ውጭ ያለ ተጨማሪ ሙያ ሳይሆን፣ ራሱ የግብረ ገብ ክፍል ነው። ሳይማር መሪ የጨበጠ ሰው የሌለውን ነገር እንዳለው አድርጎ ሸጧል፤ ተሳፋሪው ገንዘብ የከፈለው ለመቀመጫው ብቻ ሳይሆን ለዕውቀቱም ነበርና። «ከመጠምጠም መማር ይቅደም» የተባለውም ለቤተ ክህነት ሰዎች ብቻ አይመስለንም።

እዚህ ላይ ሦስት መቃወሚያዎች ይነሣሉ፤ ሦስቱም ሊናቁ የሚገባቸው አይደሉም። የመጀመሪያው «እኔ በውኃው ላይ ተወልጄ አድጌአለሁ፤ ልምዴ ትምህርት ቤቴ ነው» የሚል ነው። በእውነቱ ልምድ የከበረ ነገር ነው። በጣና ላይ ከደንገል በታሰረ ታንኳ ሲሻገሩ የኖሩት ሰዎችም ሆኑ የሐዋሳ ዓሣ አጥማጆች፣ ስለ ነፋሱና ስለ ውኃው ከማንም የመጽሐፍ ሰው ይልቅ ያውቃሉ፤ ትምህርት ሲዘጋጅም ከመምህራኑ ወገን ሊቆጠሩ ይገባቸዋል። ነገር ግን ልምድ የሚያስተምረው የደረሰውን ነው። ሠላሳ ዓመት ሰው ሳይወድቅበት የነዳ ሰው ሠላሳ ዓመት የተማረው ሰው ያልወደቀበትን መንገድ ነው። ያልደረሰውን ነገር ከመድረሱ በፊት በእጅና በእግር መለማመድ የትምህርት ሥራ ነው፤ የአደጋዋም ደቂቃ ለመጀመሪያ ጊዜ የምንማርባት ደቂቃ ልትሆን አይገባትም።

ሁለተኛው «ጠባቂው እግዚአብሔር ነው» የሚል ነው። ይህን የሚል ሰው የሐዋርያት ሥራን 27ኛ ምዕራፍ ይመልከት። ቅዱስ ጳውሎስ ታስሮ ወደ ሮም ሲጓዝ በመርከቡ ላይ 276 ነፍስ ነበረ። የመርከብ ጊዜ ማለፉን ቢያስጠነቅቅም፣ የመቶ አለቃው ከእርሱ ይልቅ መርከብ መሪውንና ባለቤቱን ሰማ፤ ልከኛ ነፋስም ነፈሰና ሐሳባቸው የቀና መሰላቸው፤ ቀጥሎ ማዕበሉ መጣ። ከዚያ በኋላ ከመርከቡ በቀር አንድ ነፍስ እንደማይጠፋ በመልአክ ተነገረው። ይህ ተስፋ ከተሰጠ በኋላ መርከበኞቹ በትንሿ ጀልባ ሊያመልጡ ሲሰናዱ ያየ ጊዜ ግን «ተስፋው አለልን፤ ይሂዱ» አላለም። እነርሱ ከሌሉ ሌላው ሰው ሊድን እንደማይችል አስታወቀ፤ ወታደሮቹም የጀልባይቱን ገመድ ቈረጡ። እንግዲህ ሰማያዊ ተስፋ የመርከበኛን ሙያ አልሻረም፤ በእርሱ በኩል ሠራ እንጂ። በእስልምናም ዘንድ ግመልን አስሮ በአላህ መመካት የታወቀ ትምህርት ነው። ሳይማሩና ሳይዘጋጁ አደራውን ወደ ፈጣሪ መጣል ከእምነት ይልቅ ድፍረት ነው።

ሦስተኛው ከሁሉ የከበደው ነው፤ «ድኻ ነኝ» የሚል ነው። ሰደርያ ገንዘብ ይጠይቃል፤ ለትምህርት የሚውል ቀን ገቢ የለውም፤ ተሳፋሪን መመለስ የልጆችን ራት መመለስ ነው። ይህን የሚል ሰው ሐሰት አልተናገረም። እኛም ሆዳችን ሞልቶ በጽሕፈት ጠረጴዛ ላይ ተቀምጠን በእርሱ ላይ ብንፈርድ ፍርዳችን ቀላል ይሆናል። ቢሆንም ድኽነት የዕዳውን ተካፋዮች ያበዛል እንጂ ዕዳውን አይፍቀውም። የተሳፋሪው ልጅም እንደ ነጂው ልጅ ናት። ስለዚህ ነጂው ብቻውን ሊሸከመው የማይችለውን ሸክም የጀልባው ባለቤት፣ ማኅበሩ፣ ከተማውና ተሳፋሪው ራሱ ሊካፈሉት ይገባል። ከልክ በላይ ገቢ በየቀኑ የሚጠይቅ ባለ ጀልባ፣ ሳያይ ፈቃድ የሚፈርም ሹም፣ «እኛን ብቻ ጨምረን» እያለ የሚጎተጉት ተሳፋሪ፣ እነዚህ ሁሉ መሪውን ከነጂው ጋር የጨበጡ ናቸው።

አሁን ወደ መጀመሪያው ጥያቄ እንመለስ፤ ጉዳት ካልደረሰስ? ክሊፎርድ የተባለው እንግሊዛዊ የሒሳብና የፍልስፍና ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1877 ባወጣው ጽሑፍ ይህንኑ ነገር በመርከብ መስሎ መርምሮታል። አንድ የመርከብ ባለቤት መርከቡ ማርጀቷን እየጠረጠረ፣ ማሳደሱ ገንዘብ እንደሚያስወጣው ባሰበ ጊዜ ጥርጣሬውን አፍኖ፣ ብዙ ጊዜ በደኅና ተመልሳለች እያለ ራሱን አሳምኖ ሰዎችን አሳፍሮ ይሰዳታል። መርከቧ ብትሰጥም ሰውየው በደለኛ መሆኑን ሁሉም ይቀበላል። ክሊፎርድ ግን ከዚህ አልፎ፣ በደኅና ብትገባም በደለኛነቱ አይቀንስም፤ ያልታወቀበት ብቻ ይሆናል ይላል። እኛም ከዚህ አሳብ ጋር እንስማማለን። በደሉ የተፈጸመው ጀልባው በተገለበጠ ሰዓት አይደለም፤ ነጂው የማያውቀውን እንደሚያውቅ ሆኖ ገመዱን ከዳር በፈታ ሰዓት ነው። ከዚያ በኋላ ያለው የነፋስ ዕድል ነው፤ ነፋስ ደግሞ የሰውን በደል ሊያጸድቅለት አይችልም።

የዓለም ታሪክም ይህን ያስረዳል። ታይታኒክ እ.ኤ.አ. በ1912 ስትሰጥም በላይዋ ከ2,200 በላይ ሰው ነበረ፤ የነፍስ አድን ጀልባዎቿ ግን የሚበቁት ለ1,178 ሰው ብቻ ነበር። ስለ ባሕር ላይ ደኅንነት የመጀመሪያው ዓለም አቀፍ ስምምነት የተፈረመው ከዚያ በኋላ፣ በ1914 ነው። በኮሪያ ሴዎል የተባለችው መርከብ በ2014 ስትገለበጥ ተሳፋሪዎቹ በየቦታቸው እንዲቆዩ እየተነገራቸው ካፒቴኑ ቀድሞ ወጣ፤ የሞቱት 304 ሲሆኑ አብዛኞቹ ተማሪዎች ነበሩ። ለእኛ ይበልጥ የሚቀርበው ደግሞ በቪክቶሪያ ሐይቅ በታንዛኒያ በኩል የደረሰው ነው። ኔሬሬ የተባለችው ጀልባ በሴፕቴምበር 2018 ከኡካራ ደሴት ወደብ ልትደርስ ጥቂት ሲቀራት ተገለበጠች። እንድትጭን የተፈቀደላት 101 ሰው ሲሆን ከ220 በላይ ሰው ሞተባት። ያም እንደ ሐዋሳ ሐይቅ እንጂ ውቅያኖስ አልነበረም፤ ዳሩም ይታይ ነበር። ከእያንዳንዱ አደጋ በኋላ መርማሪ ይሾማል፣ ደንብ ይወጣል። «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» የሚለው የአገራችን ተረት በዓለም ሁሉ የሚሠራ ይመስላል።

ከመርከበኛነት ሙያዎች ሁሉ የሚከብደው የቱ ነው ብንባል፣ ቋጠሮ ወይም ሞተር አንልም፤ «ዛሬ አንሄድም» ማለት ነው። የበዓል ቀን ከሰዓት በኋላ ነው እንበል። ነፋሱ ጀምሯል፤ መካከሉ ነጭ ነጭ ይላል። ጀልባዋ አሥር ሰው ትይዛለች፤ አሥራ አራት ቤተ ዘመድ የአገር ልብስ ለብሶ መጥቶ ተለያይተን አንሳፈርም ይላል። ከመካከላቸው አንዱ ትልቅ ባለሥልጣን ናቸው፤ አንዷ አያት ደግሞ ከሞት በፊት ጉማሬ ልይ ይላሉ። ገንዘቡ በእጥፍ ይቀርባል። ጎረቤቱ ነጂ «አንተ ካልወሰድህ እኔ እወስዳለሁ» እያለ ይቀልዳል። በዚህን ጊዜ ያ ወጣት ነጂ ቆሞ፣ «ጌታዬ፣ እማማ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ ነፋሱ ተነሥቷል፤ ነገ ጧት በሁለት ጀልባ እወስዳችኋለሁ» ቢል፣ በዚያ ቀን በሐዋሳ ዳርቻ ከተሠራው ሥራ ሁሉ የሚበልጠውን ሠራ። ይህን ለማለት ድፍረት ያስፈልገዋል፤ ድፍረቱም ከዕውቀት ይመነጫል። የማያውቅ ሰው እምቢ የሚልበት ምክንያት የለውምና በሰው ፊት ያፍራል፤ የሚያውቅ ሰው ግን ውኃውን እያሳየ ሊያስረዳ ይችላል።

ይህም ለእኛ፣ ለቢሮ ሰዎችና ለመምህራን፣ የሚነግረን ነገር አለው። በምድር ላይ ያለን ማዕረግ በጀልባ ላይ አብሮን አይሳፈርም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የኢትዮጵያ የባሕር ሕግ ለመርከብ አዛዥ የተለየ ሥልጣንና ኃላፊነት መስጠቱ ያለ ምክንያት አይደለም፤ በውኃ ላይ ሁለት አዛዥ ሊኖር አይችልምና። እንግዲያስ የሃያ ዓመት ወጣት «ይቀመጡ፤ ሰደርያዎን ይሰሩ» ቢለን፣ ሚኒስትርም ሆንን ዲሬክተር ልንቀመጥና ልናስር ይገባናል። ልጆች በዙሪያችን ሆነው ያያሉ፤ ትልቅ ሰው ለዕውቀት ሲታዘዝ ያየ ልጅ ከብዙ የግብረ ገብ ትምህርት የሚበልጥ ትምህርት ቀሰመ ማለት ነው።

ትምህርቱ በአገራችን የለም እንዳይባል፣ አለ። ባሕር በር የሌላት ኢትዮጵያ በጣና ዳር በሚገኘው በባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የማሪታይም አካዳሚ፣ በዓለም ውቅያኖስ ላይ የሚሠሩ የመርከብ መሐንዲሶችን አሠልጥናለች። የማሪታይም ዘርፍ አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 549/1999ም ወጥቷል። ለውቅያኖስ መርከብ የሚበቃ ትምህርት ያላት አገር ለሐይቅ ጀልባ የሚበቃውን ማካፈል አይሳናትም። ከላይ የዘረዘርነው መሠረታዊ ነገር ብዙ ዓመት አይፈጅም፤ የጥቂት ቀን ትምህርትና በየወቅቱ ጸጥ ባለ ውኃ ላይ ደጋግሞ መለማመድ ይበቃዋል። በሐይቅ ዳር ባሉት ከተሞች ትምህርት ቤቶችም፣ ልጆች ፊደል በሚቈጥሩበት ዕድሜ ዋና ቢማሩ፣ ነገ የሚሳፈሩትም የሚነዱትም እነርሱ ናቸውና ትምህርቱ ወደ ሁለቱም ወገን ይደርሳል።

በአማርኛችን «መሪ» የሚለው ቃል በጀልባ ነጂው እጅ ያለውን ዕቃ እንደሚያመለክት ሁሉ፣ ሰዎችን የሚመራውንም ሰው ያመለክታል። ቃሉን እንዲህ አድርገው የሰጡን አባቶች ሁለቱን ነገሮች በከንቱ አላጣመሯቸውም። በማንኛውም ሥራ ላይ መሪ የጨበጠ ሁሉ ከኋላው የተቀመጡት ሰዎች ሊወርዱ እንደማይችሉ ሊያስብ ይገባዋል። አስቀድሞ መማር፣ የማያውቁትን አላውቅም ማለት፣ በማይሆንበት ቀን አይሆንም ማለት፣ የዚህ አደራ ሦስቱ እግሮች ናቸው።

አንድ ነገር ጨምረን እንፈጽም። አደጋ ያደረሰ ነጂ ስሙ በአገር ሁሉ ይሰማል፤ አደጋን ያስቀረ ነጂ ግን ስሙን የሚያነሣለት የለም፤ ያልደረሰ አደጋ ምስክር የለውምና። ተሳፋሪዎቹን የመለሰው ያ ወጣት በዚያች ማታ ገቢ ሳይኖረው፣ ምናልባትም ተሰድቦ ወደ ቤቱ ይገባል፤ ትክክል መሆኑን የሚያስረዳለት የሰጠመ ጀልባ የለም። እንግዲህ ምስክር ልንሆነው የሚገባን እኛ ነን። ወደ ሐዋሳ ወርደን «ዛሬ አንሄድም» ከሚል ነጂ ጋር ስንገናኝ ፊታችንን ሳናጠቁር እናመስግነው፤ በማግሥቱም ጧት ተመልሰን ወደ እርሱ እንሂድ። ሌሎቹ ነጂዎች አይተው፣ እውነት መናገር ደንበኛ የማያሳጣ መሆኑን የሚማሩት በዚህ ነው።